በጽሕፈት ሁለት፣ በአፍ አንድ

ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የእማዬ ሳል እንዴት ሆነ?

በሠላሳ አራት ዓመቴ ዕብራይስጥ ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ ለጠየቅኸኝ፣ አምሮኝ እንዳይመስልህ። ሥራ ሆኖብኝ ነው። የምጠብቃቸው አሮጊት ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ቤተሰቡ «ሳቭታ» ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው አሉኝ፤ እኔም እንደ ልጅ ልጅ እንደዚያው እላለሁ። ያደጉት በዕብራይስጥ ነው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ ሲቆጡ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ሲነቁ ያ ሁሉ ቋንቋ ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። የቀራቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነው።

አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ናት። ጠዋት ወጥታ አመሻሹ ላይ ትመለሳለች። ዕብራይስጥ አታውቅም፤ ልጅ ሳለች «ምን ያደርግልሻል» ብለው ሳያስተምሯት ቀሩ። አሁን እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እንደ ዲዳና እንደ ደንቆሮ ይተያያሉ። ይቅር በለኝ፣ አንተን መንካቴ አይደለም። ያ የሳንባ መድኃኒት ጆሮህን ወሰደ እንጂ በትምህርት ቤት ስታስተምረው የኖርከውን ዕብራይስጥ አልወሰደብህም፤ እኔ የፈለግሁትም እሱን ነው።

የምሰማውን በፊደላችን ጽፌልሃለሁ። «ማይም» ይላሉ። «ካር ሊ» ይላሉ። ጉልበታቸውን ይዘው «ኮኤቭ» ይላሉ። ከሁሉ የበዛው ግን «ኤይፎ ኢማ» የሚሉት ነው። ይህን በቀን ሠላሳ ጊዜ ይሉኛል፤ ዐይኔን እያዩ። መልስ እየጠበቁ ነው፤ እኔም ውሃ አመጣላቸዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ጨርቅ ቢሆን ምን እንደሚፈልግ በእጄ ዳስሼ አውቅ ነበር። ሰው ግን አቃተኝ። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 30 ቀን

እህት ዓለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እማዬ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። እንደምታውቂው እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ ፊቴ ቁጭ ብላ ከንፈሯን እያሳየች ትመልስልኛለች። «ዘጠና አንድ ዓመት ኖራ ውሃ ስትለምን የማይገባት ሰው ቀጠሩላት? ምስኪን!» አለች። ምስኪን ያለችው አሮጊቷን ነው፤ አንቺን እንዳይመስልሽ። ሳሏ ሌሊት ሌሊት ይነሣባታል፤ ቀን ደህና ናት፤ ሰው ለመንቀፍ አቅም አላት።

ወደ ጉዳያችን። ዕብራይስጥ የሚቆመው በሦስት ፊደል ነው። ቃል ስትሰሚ ሥጋውን ገፍፈሽ አጥንቱን ፈልጊ፤ አጥንቱን ካገኘሽ ግማሹ ዘመድሽ ነው። «ማይም» በግዕዝ ማይ ነው፤ ውሃ። «ካር» ያው ቁር ነው፤ «ካር ሊ» ሲሉሽ በረደኝ ማለታቸው ነውና ብርድ ልብስ አልብሻቸው። «ኮኤቭ» ያመኛል ነው፤ ለዚህ ዘመድ አላገኘሁለትም፤ በቃልሽ ያዢው። ራስን «ሮሽ»፣ ልብን «ሌቭ»፣ እጅን «ያድ» ይላሉ። ሐኪም «ሮፌ» ነው። ይኼ ያስደስትሻል፤ አጥንቱ በግዕዝ ረፍአ ነው፣ ሰፋ ማለት፤ መርፌ ያልነውም ከዚያ ነው። እነሱ ዘንድ የሰፋ ሐኪም ሆነ፣ እኛ ዘንድ ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አሠሪሽ ዘንድ አንገትሽን አትድፊ፤ የሙያ ባልደረባዋ ነሽ።

አንድ ነገር ግን አስቢ። እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ከአፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ከሰባት ዓመት ወዲህ አልሰማሁም፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሰማሁት ከተማሪዎቼ እንጂ ከባለቤቶቹ አልነበረም። ጆሮው አንቺ ነሽ።

«ኤይፎ ኢማ» እናቴ የት ናት ማለት ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 19 ቀን

ወንድምጋሼ፤

እንደምን ከረማችሁ? ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሳቭታ «ካር ሊ» ሲሉ ብድግ ብዬ ብርድ ልብሱን አለበስኳቸው። እጄን ይዘው ለቀቅ አላደርግ አሉ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው የገባኝ ቃል መሆኑ ነው። ምሽት ለልጃቸው ነገርኳት፤ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ካር ሊ፣ ካር ሊ» እያለች ተለማመደች። ከዚያ ወደ እናቷ ገብታ «ካር ሊ» አለቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ ብርድ ልብሳቸውን አውልቀው ለእሷ አለበሷት። አንዳችን መሳቅ ወይ ማልቀስ ነበረብን፤ እኔ ሌላ ብርድ ልብስ ላመጣ ሄድኩ።

እማዬ መጠየቋ አይቀርምና ንገራት፤ እጄን የሚያሳክከኝ ለቆኛል፤ ከሳሙናው ነበር። ክፍሌም መስኮት አለው፤ የሚያየው ግን የጎረቤቱን የእሳት አደጋ መሰላል ነው።

አሁን ጉዳዬን ስማኝ፤ ማለቴ አንብበኝ። «እናቴ የት ናት» መሆኑን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ሳላውቅ ሲጠይቁኝ ውሃ አመጣላቸው ነበር። አሁን የሚጠይቁኝን እያወቅሁ ውሃ ማምጣት አልቻልኩም። የዘጠና አንድ ዓመት ሴት እናት የት ትኖራለች? ልጃቸውን ብጠይቃት «አያቴ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ምን ብዬ ልመልስ? እማዬን ጠይቅልኝ። እንዲህ ላለው ነገር መቼም መልስ አጥታ አታውቅም። አንተ አሳምረህ አትጻፍብኝ፤ እንዳለችው ቃል በቃል ጻፈው።

እህትህ

ታኅሣሥ 15 ቀን

እህት ዓለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥረዛ ቤቱ ውስጥ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ተከምረው እጃችን ከሙጫ አልወጣም። እኔም ትንሽ አላመመኝም አልልም።

ስለ አሮጊቷ። እናታቸው ሥራ ላይ ናት በያቸው። ሕፃን እናቱን ሲጠይቅ ይህ መልስ ይበቃዋል፤ ሥራ የሄደች እናት ትመለሳለችና። ሥራ «አቮዳ» ነው። «ኢማ ባአቮዳ» ስትያቸው እናቴ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። አጥንቱ ዐ፣ በ፣ ደ ነው። ሠራተኛ ሴት «ኦቬዴት» ናት። ያለፈውን ስትናገሪ «አቭዳ» ትያለሽ፤ ሠራች። ትላንት «ኤትሞል» ነው፤ በግዕዝ ትማልም። እነዚህ ይበቁሻል።

ይህ ውሸት ነው ብለሽ አትጨነቂ። መመለስ ለማይችል ሰው የማይመለስ ነገር መንገር ጭካኔ ነው። እውነቱን ቢያውቁት ምን ያደርጉበታል? መሄድ አይችሉ፣ መቅበር አይችሉ። ባሉበት ሥራቸውን ሠርተው ቢውሉ ይሻላል።

እማዬ ሳሏ ለቋታል፤ አርፋለች። ሰላም ብላሻለች።

የጎረቤታችን የነርሷ የሲስተር ስልክ ስለ ተበላሸ በዚያ በኩል አትድከሚ። እንዲጠገን ተነግሯል።

ወንድምሽ

ጥር 9 ቀን

ወንድምጋሼ፤

እንደምን አለህ? ሕመምህ ምን ነበር? «አላመመኝም አልልም» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ወይ ታመምኩ በል ወይ ዝም በል።

መልስህ ሠርቷል። «ኢማ ባአቮዳ» ስላቸው «አህ» ብለው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደግሙታል፤ እኔም እደግመዋለሁ። ልጃቸውም ተማረችው። ጠዋት ስትወጣ እናቷን ስማ «አኒ ባአቮዳ» ትላለች፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ምሳቸውን ይጨርሳሉ። ያለ ኪኒን ይተኛሉ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ከእኔ በቀር። አየህ፣ ያምኑኛል።

እማዬን ጠይቅልኝ ብዬህ የመለስክልኝ አንተ ነህ። እሷ ምን አለች? «ሰላም ብላሻለች» ብቻ ነው የጻፍክልኝ። እማዬ በሕይወቷ ሰላም ብላ አቁማ ታውቃለች? ሰላምታዋ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሴት! ተኳርፋችሁ ነው? ወይስ እኔን ተቀይማኛለች?

ሲስተር ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል። የተበላሸ ስልክ እንዴት ይጠራል? እንዲህ ከሆነ ፈቃድ ጠይቄ ልመጣ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለእማዬ የሱፍ ካልሲ ልኬላታለሁ። ሳቭታ ሲተኙ በሁለት ሳምንት የሠራሁት ነው። ልክ ይሁንላት አይሁን ጻፍልኝ፤ ተረከዙ የጠበባት እንደሆነ ልፈታው እችላለሁ።

እህትህ

ጥር 30 ቀን

እህት ዓለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ካልሲው ደርሷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ስፌቱ አይታይም። እግሯን አይበርዳትም፤ በዚህ አታስቢ። አልተኳረፍንም። እኔም ጉንፋን ነበር፤ አልፏል። ልመጣ ነው ብለሽ የጻፍሽውን ግን ተይው። ገና ስድስት ወርሽ ነው፤ አሮጊቷም ለምደውሻል። አትምጪ።

እማዬ «በርቺ ልጄ፣ ሥራሽን አክብሪ» ብላሻለች።

ጥቂት ቃላት ልጨምርልሽ። ትከሻ «ሽኬም» ነው። አጥንቱ ያው ሸክም ነው፤ እነሱ የሚሸከመውን ጠሩበት፣ እኛ የሚሸከሙትን። ቅርብ «ካሮቭ» ነው። ዘመዶች «ክሮቪም» ይባላሉ፤ ቅርቦች ማለት ነው። ከዚያው አጥንት የወጣ ሌላም ቃል አለ፤ «ክራቭ»፣ ውጊያ። ሰው የሚዋጋው ከቀረበው ጋር ነው መሰለኝ።

የቀረውን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ብርሃኑ ደከመብኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 24 ቀን

ወንድምጋሼ፤

ስለ ጤና አልጠይቅህም፤ መልስህን አላምነውምና።

በመጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ሳቭታ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ላማ ኢማ ሎ ባአ» አሉኝ። እናቴ ለምን አልመጣችም ማለታቸው ነው፤ ይህን ያህል ደርሻለሁ። ሁልጊዜ «ባአቮዳ» ማለት ሰለቸኝ። ስትሠራ ዋለች ልላቸው ፈለግሁና ካስተማርከኝ ውስጥ ያለፈውን ጊዜ አወጣሁ። «ኢማ አቭዳ» አልኩ። እንዲያውም ፈገግ ብዬ፤ አዲስ ቃል ስለ ተናገርኩ ኮርቼ።

በቀስታ «ማታይ?» አሉኝ። መቼ ነው። እኔም «ኤትሞል» አልኳቸው። ትላንት።

ወንድምጋሼ፣ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ድምፅ አልነበረውም። አፋቸውን ከፍተው በሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዘው ብቻ ተንቀጠቀጡ። ሸሚዙ በካውያው ተቃጠለ፤ ሽታው እስኪገባኝ ድረስ አልተነቃነቅሁም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ልጃቸው ሥራ ቀርታ አልጋቸው ሥር ተቀመጠች። «እናቴን ምን ብለሻት ነው?» ስትለኝ «እናትዎ ሠርታለች ነው ያልኳቸው» አልኩ። አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም።

መንገድ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ከገና ወዲህ አንድ አዲስ ሽማግሌ ተቀጥረዋል። የማስታገሻ ማዘዣ ይዤ ስሄድ ካርዱ ላይ የሳቭታን ስም አይተው በዕብራይስጥ ሰላም አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይኼ ቃል በጽሕፈት ሁለት ነው፣ በአፍ ግን አንድ ነው» አሉኝ። በዐ ሲጻፍ ሠራች ነው። በአ ሲጻፍ ጠፋች ነው፤ እንዲያ ያሉ ሴት ከሰሙት ደግሞ ሞተች ነው። ስለዚህ ለአንዲት ልጅ እናትሽ ትላንት ሞተች ብያታለሁ። እየሳቅሁ።

አንተን አልወቅስም፤ ጆሮው አንቺ ነሽ ብለኸኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳቭታ ረስተውት ተነሡና ሻይ ጠጡ። «ኤይፎ ኢማ» አሉኝ። እኔም «ባአቮዳ» አልኩ።

ይህን ብዬ ጓዳ ገባሁና ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። «በርቺ ልጄ፣ ሥራሽን አክብሪ።» እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ትምህርት ቤት ግድግዳ የምትናገረው? «እግሯን አይበርዳትም።» «ሳሏ ለቋታል፤ አርፋለች።» አርፋለች! በአማርኛም እኮ በአፍ አንድ፣ በነገር ሁለት የሆነ ቃል አለ። እሱን መርጠህ ነው የጻፍክልኝ፤ እንዳትዋሽ።

መመለስ ለማይችል ሰው የማይመለስ ነገር መንገር ጭካኔ ነው ያልከው ስለ ማን ነበር?

አጥንት አትላክልኝ። ግዕዝ አትላክልኝ። እናቴ የት ናት?

እህትህ

መጋቢት 12 ቀን

እህቴ፤

እማዬ ሞታለች። ኅዳር 27 ቀን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ። ዛሬ ሦስት ወር ከዐሥራ አምስት ቀን ነው። ሳንባዋ ነው፤ አልተሠቃየችም ብዬ አልዋሽሽም፤ ስድስት ቀን ተሠቃይታለች። በእነዚያ ቀናት ሲስተር አጠገቧ ነበሩ። ቀብሯ ላይ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። ስልኩን እንዳያነሡ ሲስተርን ያስማልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውን አትቀየሚ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወጥተው ደጅ ይቆሙ ነበር።

ለምን እንደ ደበቅሁሽ ብዙ ምክንያት ጽፌ ቀደድኩ። ኮንትራት አለብሽ፣ መምጣት አትችይም፣ ብቻሽን ነሽ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን አይደለም። ምክንያቴን እነሆ።

ያን ቀን ከጥረዛ ቤት ተጠርቼ መጣሁ፤ እጄን እንኳን አልታጠብኩም። ሲስተር ሐኪም ሊጠሩ ወጥተው ነበር። ክፍሉ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አየችኝና መናገር ጀመረች። ሰው ሠራሹን ጥርሷን ሲስተር አውልቀውት ብርጭቆ ውስጥ ነበር። ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኮማትሮ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ከንፈር፣ ያን ቀን አንዲት ፊደል እንኳን አልተነበበልኝም። ጥርሱን ላደርግላት ሞከርኩ፤ ፊቷን አዞረች። ደግማ ተናገረች። ረጅም ነገር ነበር። የጠራችሽ መሰለኝ፤ ግን ማለት አልችልም። እኔም ራሴን ነቅንቄ «እሺ» አልኳት። አልገባህም በሚል ዐይን አየችኝና ሦስተኛ ጊዜ ተናገረች። እሺ እማዬ አልኳት፤ እሺ፣ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ ዐይኗን ከደነች። ሲስተር ሲመለሱ አልቆ ነበር።

እናታችን ስትሞት ለልጇ የምትለውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ጣልኩት። ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር አደርጋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ብነግርሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ምን አለች?» እንደሚሆን አውቅ ነበር። «ቃል በቃል ጻፈው» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ የደረሰኝ በተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው። ያን ጥያቄ መመለስ ፈራሁ። ሌላ ምንም አይደለም።

ካልሲውን ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ብትቀየሚኝ ይገባሻል።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 3 ቀን

ወንድምጋሼ፤

ደብዳቤህ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደረሰኝ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልጃቸው ያስገባችላቸው ዝቅ ያለች በርጩማ አለች፤ እሷ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የማውቀው ነገር ነበር። ከየካቲት ጀምሮ ሳውቀው ነው የቆየሁት። ቢሆንም ማወቅና መስማት አንድ አይደለም።

ሳቭታ በበሩ ገብተው አገኙኝ። በዱላ እንኳን ብቻቸውን ከተራመዱ ወር አልፏቸው ነበር፤ እንዴት እንደ ደረሱ አላውቅም። «ላማ አት ቦኻ» አሉኝ። ለምን ታለቅሻለሽ ነው። «ኢማ ሼሊ ሜታ» አልኳቸው። እናቴ ሞተች። ይህንን ቃል ማንም አላስተማረኝም፤ ሞት በሁሉም ቋንቋ ያው ነው መሰለኝ። ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ጭንቅላቴን ጎትተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ብዙ አወሩ። አንዱም አልገባኝም፤ አንዱንም ልጽፍልህ አልሞከርኩም። ወገባቸው እየታመመ የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ እንደዚያው ቆየን።

በማግስቱ ጠዋት «ኤይፎ ኢማ» አሉኝ። «ባአቮዳ» አልኳቸው። እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም። እናታቸው በየቀኑ እንደ አዲስ ልትሞትባቸው ነው። ስለዚህ ለምን እንዳደረግኸው ገብቶኛል። ገባኝ ማለት ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም። እኔ የማስታውስ ሰው ነኝ፤ እኔን አንድ ጊዜ ልትነግረኝ ትችል ነበር። ሦስት ወር ለሞተች ሰው ካልሲ ስሠራ፣ ተረከዙ ይጠብባት ይሆን እያልኩ ሳስብ ከረምኩ። ይኼ እስኪበርድልኝ ጊዜ ስጠኝ።

ስለ መጨረሻው ቃሏ። ደጋግሜ አነበብኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ስለማውቃት ምን እንዳለች መገመት እችላለሁ፤ አንተም ትችላለህ። አልገምትም። አፏ ውስጥ ያልነበረ ነገር አንድ ጊዜ ከተህባታል፤ ይበቃታል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም ሳይገባኝ ራሴን ነበር የምነቀንቀው። ሳቭታ እንደማይገባኝ ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ይነግሩኝ ነበር። እማዬም ደንቆሮ መሆንህን ታውቃለች፤ ጥርሷም አፏ ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች። ብትፈልግ ሲስተር እስኪመጡ ትጠብቅ ነበር። ለአንተ ነው የተናገረችው። እሺ ስትላት ዐይኗን ከደነች። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ልጃቸው ነገሩን ስትሰማ የሰኔን ወር ሙሉ ፈቃድ ሰጥታኛለች። ሥራዋን ትታ እሷ ልትቀመጥ ነው። መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ፤ አትምጪ ብትለኝም እመጣለሁ።

አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ጽሕፈት ይንቀጠቀጣል፤ ከመስመሩም ወርዷል። አንተ ሰባት ዓመት ስጠርዝ ኖሬ አንድ ገጽ አጣምሜ አላውቅም የምትል ሰው ነህ። በታኅሣሥ አላመመኝም አልልም አልክ፣ በጥር ጉንፋን አልክ። የወሰድከው ያ የሳንባ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚያስታግስ ሐኪሙ ሲነግርህ አጠገብህ ነበርኩ። እንዴት ነህ?

እህትህ

ሚያዝያ 22 ቀን

እህቴ፤

ደህና አይደለሁም። በሽታው ተመልሷል። በታኅሣሥ ነው ደም ያየሁት። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የተኛሁት ሆስፒታል ነው፤ ደብዳቤሽን ሲስተር ናቸው ያመጡልኝ። ጥረዛ ቤቱ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥቷል፤ ልክ ናቸው፤ እዚያ እየሳልኩ መቀመጥ አልነበረብኝም። የድሮው መድኃኒት ከእንግዲህ አይሠራም። አዲስ ጀምረውልኛል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ጽፋ እንዳሳየችኝ፣ መሥራቱን የሚያውቁት ሐምሌ ላይ የሳንባዬን ራጅ ዳግም አንሥተው ነው። ተስፋ አለ ወይ ብዬ ጻፍኩላት። «ትንሽ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አስቀምጬልሻለሁ፤ እኔ አሳንሼው ወይም አሳድጌው እንዳይመስልሽ።

ክብደቴ አርባ ስድስት ኪሎ ነው። ጢሜን አሳድጌአለሁ፤ እንዳትደነግጪ።

እስካሁን አትምጪ ስልሽ ነበር። ነይ።

የቤቱ ቁልፍ ሲስተር ዘንድ ነው። መቃብሩን እሳቸው ያሳዩሻል፤ ድንጋዩ ገና አልቆመም፤ ስሟን እንድትጽፊው ብዬ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ነይ። ሁለተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው አልጋ። በር ላይ ማስክ ይሰጡሻል፤ አፍሽን ስለሚሸፍነው የምትይኝን አላነብብም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ያዢ። አብዛኛውን ጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የምተኛው። ከኋላዬ እንዳትጠሪኝ፤ አልሰማሽም። አልጋውን ዙሪና ፊት ለፊቴ ቁሚ።

ወንድምሽ